«ፍሪሲዮን» እና «ሸራ»፦ የአንድ የጥገና ሥራ ቃላት ታሪክ

የአንድ መሣሪያ ስያሜ ታሪክ ከመዝገበ ቃላት ብቻ አይጠናም፤ መሣሪያው የሚፈታበትና የሚገጠምበት ቦታም ራሱን የቻለ ምንጭ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በሞተርና በካምቢዮ መካከል ሆኖ የሞተሩን ኃይል የሚያቋርጠውንና መልሶ የሚያገናኘውን ክፍል፣ ማለትም ፍሪሲዮንን፣ በስሞቹ በኩል እንመረምራለን። ለምሳሌነት የወሰድነው በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ ፍሪሲዮን የመለወጥን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየው ይህ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና፣ እስከ 1985 በተሠሩት የቀድሞ ዓይነቶቹ፣ ሞተሩ ሳይወርድ ፍሪሲዮኑ ሊለወጥለት ይችላል። በመሆኑም ሥራው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ የሚከናወንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። «ሾፌር»ና «ጋራዥ» የሚሉት ቃላት መሠረታቸው ፈረንሳይኛ ነው። የመኪናው የውስጥ ክፍሎች ስሞች ግን አብዛኞቹ የኢጣልያንኛ ናቸው። ኢጣልያ አገሪቱን በወረራ በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት መንገዱም፣ የጭነት መኪናውም፣ የጥገናው ሥራም በአንድነት ተስፋፍተዋልና። ከዚያም በኋላ ሙያው ከአሠሪ ወደ ረዳት በቃል ሲተላለፍ ስሞቹ አብረው ተላልፈዋል። ፍሬን፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የዚህ ቅርስ ክፍሎች ናቸው።

የድምፅ ለውጣቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ኮፋኖ» ኮፈን፣ «ቡሎኔ» ብሎን፣ «ፍሪጽዮኔ» ፍሪሲዮን ሆነዋል፤ ከ«ን» ቀጥሎ ያለው የመጨረሻ አናባቢ በአራቱም ወድቋል። ሞተሩ ላይ ተገጥሞ የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት ስም ግን እስከ ዛሬ «ቮላኖ» ነው። ልዩነቱ የመጣው ከተናጋሪው ይመስለናል። ፍሬንና ፍሪሲዮን ከጋራዥ ወጥተው ወደ ሾፌሩና ወደ ተሳፋሪው አፍ ገብተዋል፤ ቮላኖ ግን ሞተር በሚፈታው ባለሙያ አፍ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ትርጉሙ ስንመለስ፣ የእንግሊዝኛው ስም መጨበጥን፣ የጀርመንኛው ማጣመርን ያመለክታል። እኛ የወሰድነው የኢጣልያንኛው ስም ግን ሰበቃ ማለት ነው። ነገር ግን ጤነኛ ፍሪሲዮን ሙሉ በሙሉ በተያያዘ ጊዜ አይሰበቅም፤ የሚሰበቀው በመያያዝና በመላቀቅ መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተሰበቀ በሽታ ነው። ስለዚህ «ፍሪሲዮን»ን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሶ «ሰበቃ» ማለት ክፍሉን በብልሽቱ መጥራት ይሆናል።

ሥራው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ባትሪው ከተቋረጠ በኋላ ወንበሮቹና የወለሉ ቆርቆሮ ይነሣሉ። ካምቢዮው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያካፍለው ሣጥን ጋር፣ በማንሻ ተደግፎ ወደ ኋላ ይሳባል። ሸራውን በቮላኖው ላይ የሚጫነው ስፒንጂዲስኮ ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራና በማዕዘን እየተላሉ ይፈታል፤ አለዚያ ይጣመማል። ቮላኖው በሙቀት መሰንጠቁ ይታያል፤ አዲሱ ሸራ መሐል ለመሐል ተስተካክሎ ይገጠማል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ስፒንጂዲስኮውን የሚገፋው ኩሽኔታ፣ ሬጂስፒንታም፣ አብሮ ይለወጣል። በዚህ ሁሉ ስሞቹ የውጭ፣ ግሦቹ ግን የአማርኛ ናቸው፤ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ ያንሸራትታል፣ ይቃጠላል።

ከስሞቹ መካከል አንዱ ብቻ የአገር ቃል ነው፤ እርሱም «ሸራ» ነው። በፍሬንም ሆነ በፍሪሲዮን ላይ እየተፋቀ የሚያልቀውን ክፍል ባለሙያዎቻችን በዚህ ስም ይጠሩታል። ስሙ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 እንግሊዛዊው ሄርበርት ፍሩድ የፍሬን ልባስ መሥራት በጀመረ ጊዜ የተጠቀመው በእርግጥም የተሸመነ ጨርቅ ነበር። ከስሙ ፊደላት ያወጣው «ፌሮዶ» የሚለው የንግድ ምልክት በኢጣልያንኛ የማንኛውም ልባስ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። የእኛ ባለሙያ ግን ይህን አልተዋሰም፤ የሚያየውን ድርና ማግ አይቶ «ሸራ» አለው።

ይሁንና ጨርቁ ሙቀትን መቋቋም ስላልቻለ ብዙ ሳይቆይ በአስቤስቶስ ተተካ፤ ነገሩ ሲለወጥ የአማርኛው ስም አልተለወጠም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሸራ የሚራገፍ፣ የሚመታ፣ አቧራው በትንፋሽ እፍ የሚባል ነገር ነው። በአሮጌ መኪና ፍሪሲዮን ቤት ውስጥ የሚጠራቀመው አቧራ ግን አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ወደ ሳንባ የገባው ጭረት ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1999 አስቤስቶስን ፈጽማ አገደች፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪናዎችና በመጋዘን የቆዩ መለዋወጫዎች ግን ዛሬም በሰው እጅ ይገኛሉ። በግቢው የሚሠራ ሰው ከመጽሐፉ በቀር የሚያስጠነቅቀው የለም፤ መጽሐፉንም ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚው ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለት አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ስፒንጂዲስኮና ሬጂስፒንታ በመዝገበ ቃላት ዋና ቃል ሆነው ሊገቡ ይገባል፤ በእጅ የኖረን ቃል በጠረጴዛ ላይ በተፈጠረ ቃል መተካት መጽሐፉን ከሠራተኛው ያርቃል። ሁለተኛ፣ «ሸራ» ስሙ ሳይነካ ፍቺው ይታረም። ፍቺው «በፍሬንና በፍሪሲዮን ላይ በሰበቃ የሚያልቅ ልባስ፤ በአሮጌ መኪና አስቤስቶስ ሊኖርበት የሚችል» ቢል፣ የጥገና መጽሐፍ ተርጓሚም «ሸራውን አጽዳ» ብቻ ብሎ ሳያልፍ «አቧራውን በአየር አትንፋ፣ በደረቅ ብሩሽ አትጥረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ጨርቁን በከረጢት አሽገህ አስወግድ» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃሉ ታሪኩን እንደያዘ ሠራተኛውንም ይጠብቃል።