ስም ከምስክር ሲቀድም

ፈለሰ ማለት ካገሩ ወጣ፥ ተሰደደ ማለት ነው። ፈላሲ የሚለው ቃል ለመነኵሴ ሲነገር ክብር ነው፤ ዓለምን ትቶ ሄዷልና። ለቤተ እስራኤል በተሰጠ ጊዜ ግን ነቀፋ ሆነ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በወገራ ድል ካደረጓቸው በኋላ፥ ጥምቀትን ያልተቀበለ ሁሉ ርስት እንዳይኖረው ማወጃቸው በትውፊት ይነገራል።

ርስት ያጣ ሰው የሌላውን መሬት ያርሳል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሸክላ ይሠራል። የገበሬው ማረሻ የሚወጣው ከጠይቡ ወናፍ ሲሆን፥ እጁን የሚፈልገው ሁሉ ዓይኑን ይፈራው ነበር። ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሰው በታመመ ጊዜ ጢስ እያጤሱ፥ የበላህ ማን ነው ብለው ይጠይቁታል፤ በሽተኛው ሲለፈልፍ የጠራው ስም ክስም ፍርድም ሆኖ ይቈጠራል። ስሙ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ በባለርስቱ ላይ ሳይሆን በጠይቡ ላይ ነበር። ኦሪት በአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ እንዳይፈረድ ታዛለች፤ እዚህ ግን አንድ ስንኳ የለም። ይህንም የሚያደርጉት ኦሪቱ በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚነበብላቸው ሰዎች ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ በአዋጅ ከለከሉ። መልካም አዋጅ ነው፤ ነገር ግን ስድብን ከለከለ እንጂ መሬት አልሰጠም። የመሬቱ አዋጅ የወጣው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. ነው። በ1977 ዓ. ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተሻገሩ፤ በግንቦት 1983 ዓ. ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ።