እድር፣ መድንና የአየር ጤና ጣራ

አየር ጤና ውስጥ የአንድ ሰው ቤት በኤሌክትሪክ ኮንታክት ተያይዞ ቢነድ ቀድሞ የሚደርሰው ማነው? ጎረቤት ነዋ! ባልዲውን ይዞ። ቀጥሎ የእሳት አደጋ መኪና፣ ቀጥሎ የእድሩ ሰዎች። የመድን ሰው እዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም። እኛ የከተማ ልጆች ይህን «የሕዝቡ ግንዛቤ ማነስ» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ታሪክ አለው።

መድን ወደ አገራችን የገባው ከባንክ ጋር ተዳብሎ ነው። በ1898 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። ደንበኛው ማን እንደነበር መገመት አያቅትም፤ ዕቃ በመርከብ የሚያስመጣና መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ በ1951 ነው። በ1952 ዓ.ም ደግሞ የንግድ ሕጉ ወጣ። ልብ በሉ፣ በ2013 ዓ.ም አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም የመድን ክፍሉ አልተነካም። ዛሬ ቤታችን ቢቃጠል የምንዳኘው በዚያው በጃንሆይ ዘመን ሕግ ነው።

ከዚያ 1967 መጣ። በታኅሣሥ ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በ1968 ዓ.ም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በቦታቸው ብቻውን ቆመ። በዚያው በ1967 ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። እነዚህን ሁለት አዋጆች ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤት ዋስትና የሚሰጠውም፣ አከራዩም መንግሥት ሆነ ማለት ነው! የቀበሌ ቤት ተከራይ የራሱ ያልሆነውን ግድግዳ ለምን ብሎ ያስመድናል? ለእሱ የቀረለት እድር ነው። እድር ደግሞ በዋነኛነት የተቋቋመው ለቀብር ነው። አንዳንዱ በደንቡ ለቃጠሎም መዋጮ ቢያስገባም፣ መዋጮው ድንኳንና ንፍሮ ይችል እንደሆነ እንጂ ቤት አይሠራም።

በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 86 መድንን ለግል ባለሀብት ከፈተ። ኩባንያዎቹ በዙ። ተራው ሰው ግን የቤት መድንን የተዋወቀው በአብዛኛው በባንክ ብድር በኩል ነው፤ ባንኩ ቤቱን በመያዣ ሲይዝ «የእሳትና መብረቅ መድን ግባ» ይላል። ስለዚህ ብዙ ሰው መድን አለው፣ ውሉን ግን አንብቦት አያውቅም። ውሉ የተቀመጠው ባንኩ ፋይል ውስጥ ነው፤ ካሳውም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው።

እንግዲህ ጉዳት የደረሰበት ሰው ምን ምርጫ አለው?

አንደኛው መድኑን መጠየቅ ነው። የንግድ ሕጉ ጉዳቱ ከታወቀ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። ሐዘንተኛን ለማጽናናት በሚሰበሰብ አገር 5 ቀን ምን ያህል አጭር እንደሆነ እናውቃለን፤ ሰልስቱ ሳይወጣ ሊያልቅ ምንም አይቀረው። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ ሰው ለዚሁ ይመደብ፦ በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ፍርስራሹ ሳይጠረግ ፎቶ ያንሳ፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ማስረጃ ይያዝ። ኩባንያው እንቢ ካለ ክስ የሚመሠረትበት ጊዜ 2 ዓመት ነው። ቀጠሮ እየሰጡ ቢያመላልሱንም ይህን ቀን አንርሳ።

ሁለተኛው ጉዳት አድራሹን መጠየቅ ነው። ጎረቤት ለፎቅ መሠረት ሲቆፍር ግድግዳችን ቢሰነጠቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መብት ይሰጠናል፤ ጊዜው እዚህም 2 ዓመት ነው።

ሦስተኛው ሽምግልና ነው፤ ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። መድን ከፋዩ ካሳ ከከፈለ በኋላ አጥፊውን የመጠየቅ መብታችን ወደ እሱ ይተላለፋል። እኛ ቀድመን ሽማግሌ ፊት «ይቅር ብዬዋለሁ» ብለን ከፈረምን ያንን መብት ገደልነው፤ ኩባንያውም በዚያው ልክ ከመክፈል ሊያመልጥ ይችላል። እርቁ ይሁን፣ ፊርማው ግን ኩባንያው ሳይሰማ አይሁን።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን ሌላ ነው። ቤቱ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ ውሉ ላይ ያለው ግምት ግን የዛሬ ስንት ዓመቱ 2 ሚሊዮን ነው። የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው ግማሹ፣ 500 ሺህ ነው። ለቀሪው ባለቤቱ ራሱን በራሱ እንዳስመደነ ይቆጠራል። ሲሚንቶና ብረት በየጊዜው በሚንርበት ከተማ ግምቱን ሳያድሱ ዓረቦን መክፈል ግማሽ ጣራ እንደማልበስ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም የመርካቶው ሸማ ተራ ሲነድ ከተማው በሙሉ አይቷል። አየር ጤናም እንደ ስሟ አየሯ ጤና ቢሆን እንኳ ሽቦዋ ያው የአዲስ አበባ ሽቦ ነው። እድራችንን አንጥላው፤ ማልቀሻ ትከሻ የሚሰጠን እሱ ነው። ግድግዳ የሚያቆመው ግን ውል ነውና፣ ወላጆቻችን በየዓመቱ ሳያነቡ የሚያድሱትን ወረቀት ከባንክ ኮፒ አስወጥተን እኛ እናንብብላቸው።