ጨው፣ ወደብ እና እንቅርት



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ብሂል የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል ግን እንቅርት የወጣበትን ሰው በቅርብ ያየ ስንት ይሆን? እኔ ባደግሁበት ደጋ በገበያም በለቅሶ ቤትም የሚታይ ነገር ነበር። የአክስቴ አንገት ዙሪያውን ተነቅሷል። ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ንቅሳት እንቅርትን ይከላከላል ተብሎም እንደሚነቀስ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በአንገት ላይ ይፈለግ ነበር፤ መገኘት የነበረበት ግን በወጡ ድስት ውስጥ ነው።

ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ሥራውን ለመሥራት አዮዲን ይሻል። አዮዲን ደግሞ በዝናብና በጎርፍ ከአፈር ይታጠባል፤ ለዘመናት በተሸረሸረ ተራራማ መሬት ላይ የበቀለ እህልም ከእርሱ የደኸየ ይሆናል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልክ ድርሻው አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይህች ኢምንት ስትጎድል ዕጢው ያብጣል። እብጠቱ የሚታየው ጉዳት ነው፤ የከፋው ግን በእናት ማሕፀን ያለው ጽንስ አእምሮ መጎዳቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 ዴቪድ ማሪን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ ለተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን በመስጠት እንቅርትን መከላከል እንደሚቻል ማሳየት ጀመረ። ስዊዘርላንድም ከ1922 ወዲህ አዮዲን በጨው ላይ ጨመረች። ጨው የተመረጠው ባለጠጋውም ድኻውም በየቀኑ በተቀራራቢ መጠን ስለሚበላው ነው።

እኛ ጨውን በአሞሌ ቀርፀን ገንዘብ ያደረግን ሕዝብ ነን፤ የጨውን ፖለቲካ ልንስተው አይገባም ነበር። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ይመጣልን የነበረው ከአሰብ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያውን የሸፈነው የአፋሩ አፍዴራ ጨው ነበር፤ አዮዲን ግን አልነበረውም። ስለዚያ ጦርነት የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ወሰኑ፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ ሙታኑ። ከጉዳቱ መዝገብ ውስጥ የሕፃናትን ታይሮይድ የሚያስገባ የታሪክ ጸሐፊ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ ራሴም ለዓመታት አላስገባሁትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ መነሻ እስከ ደንቡ 13 ዓመታት። በዚያ መካከል የተወለዱት ዛሬ በእኔና በእናንተ ክፍሎች ተቀምጠው ይማራሉ፤ ያልደረሱም አሉ።

ደንቡ ከወጣ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ጨው አምራቹ አዮዲኑን በእጅ እየረጨ ሲቀላቅል አንዱ ከረጢት ይበዛበታል፣ ሌላው ይጎድለዋል። ከዚያም ጓዳው አለ። እናቴ ጥሬ ጨው ከገበያ ስታመጣ አቧራው እንዲለቅ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ንጽሕናዋ የተመሰገነ ሴት ነበረች። አዮዲን ያለበት ጨው እንዲህ ሲታጠብና ሲሰጣ ግን አዮዲኑ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል፤ ልማዱም ዛሬ በብዙ ቤት አለ። በዚህ ላይ ከሥነ ምግብ ክፍል የመጣችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁና ቀሪውን ጊዜ ለእናንተ እለቃለሁ።