በመኖሪያ አካባቢያችን የሚገኙ አዕዋፍንና የዱር እንስሳትን ማወቅ፣ መደሰትና መጠበቅ፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

የዱር እንስሳት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ ወይም ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ራሷ የበርካታ አዕዋፍና አጥቢ እንስሳት መኖሪያ ናት። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከዚያ የሚነሡት ቀበናን የመሳሰሉ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። የወንዝ ዳርቻዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢዎች፣ የትምህርት ተቋማት ግቢዎችና የግል መኖሪያ ጓሮዎች ለእነዚህ እንስሳት መተላለፊያና መጠለያ ሆነው ያገለግላሉ።

ይህ ጽሑፍ ነዋሪዎች በአካባቢያቸው የሚያዩትን ለይተው እንዲያውቁ፣ ያለ ወጪ እንዲደሰቱበት፣ ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ከአደጋ እንዲጠብቁ፣ እንዲሁም በሕግ የተከለከሉ ተግባራትን እንዲገነዘቡ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

በየሰፈሩ በቀላሉ የሚታዩ አዕዋፍ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች እንደሚገኙ ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል ሌሎች አገሮች የሌሏቸው ወይም ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጪ የማይገኙ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ከቤት ደጃፍ የሚታዩ ናቸው።

ነጭ አንገትጌ ያላት ርግብ። በጣሪያና በሕንፃ ክፈፍ ላይ በብዛት የምትታይ፣ ከማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ግራጫ ርግብ ናት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ትገኛለች።

ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ። ከቁራ ወገን በግዙፍነታቸው ከሚታወቁት አንዱ ሲሆን፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ባለው ነጭ ምልክትና በጎበጠው ወፍራም ምንቃሩ ይለያል። የመኖሪያ ክልሉ በአፍሪካ ቀንድ የተወሰነ ነው።

በጎሕ ሲቀድ የሚጮኸው ረጅም ምንቃር ወፍ። ምንቃሩ ወደ ታች የቆለመመ፣ ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ በመንጋ የሚበርና በሣር ሜዳ ላይ ትል የሚለቅም ነው። ብዙ ነዋሪዎች መልኩን ሳያውቁ ድምፁን በየማለዳው ይሰማሉ።

የአበባ ማር የሚቀስሙ ጥቃቅን ወፎች። ቀጭንና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ሲሆን፣ ወንዶቹ በፀሐይ ብርሃን ሲታዩ ላባቸው ያብረቀርቃል። በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ዝርያ በከተማዋ የአትክልት ስፍራዎች ትታያለች።

ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳና አባ ኮዳ። በቄራ፣ በሥጋ ቤቶችና በቆሻሻ መጣያ ቦታዎች አቅራቢያ የሚያንዣብቡ ናቸው። ስለ ጥንብ አንሳ ከዚህ በታች በተለይ ተገልጿል።

እንግዶች አዕዋፍ። ከመስከረም ጀምሮ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ አዕዋፍ በከተማዋ ይቆያሉ። በሣር ሜዳ ላይ እየተራመደች ጅራቷን ዘወትር ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዘው ቀጭን ቢጫማ ወፍ ከእነዚህ አንዷ ናት።

አጥቢ እንስሳት

በእንጦጦና በዙሪያው ባሉ ደኖች ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ የምኒልክ ድኩላና ጃርት ይኖራሉ። ጉሬዛ በጥቁርና ነጭ ረጅም ጠጉሩ የሚታወቅ ሲሆን በአብዛኛው የሚመገበው የዛፍ ቅጠል ነው። የሆዱ አሠራር ቅጠልን ለመፍጨት የተስማማ በመሆኑ ዳቦና ጣፋጭ ነገር መስጠት ይጎዳዋል። ጦጣ በአንጻሩ ያገኘውን ስለሚበላ ከሰው እጅ መቀበልን በፍጥነት ይለምዳል። የለመደ ጦጣ ምግብ ሲከለከል ይነጥቃል፣ ይነክሳል፤ በመጨረሻም ተባሮ ወይም ተደብድቦ ጉዳት የሚደርስበት ራሱ ነው። ስለዚህ በርኅራኄ ተነሣሥቶ መመገብ እንስሳውን መጥቀም አይደለም።

ጅብ ቀን በወንዝ ገደልና በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት ይንቀሳቀሳል። ብዙዎች በፍርሃት ብቻ የሚያስቡት ቢሆንም ለከተማ ጤና የሚሰጠው አገልግሎት ቀላል አይደለም። በመቐለ ከተማ የተካሄደ ጥናት ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የሚሆን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ምርት እንደሚያስወግዱ፣ ይህም ወደ ሰውና ወደ ከብት ሊተላለፉ የሚችሉ በሽታዎችን እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ጥንብ አንሳ ለምን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

በከተማችን ቄራዎች ዙሪያ የሚታየው፣ ፊቱ ላባ የሌለው አነስተኛ ቡናማ ጥንብ አንሳ በየቦታው ስለሚታይ ብዙ ያለ ይመስላል። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ዝርያ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ መድቦታል። ለመመናመኑ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል መርዝ ዋነኛው ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መስመር አደጋና ጎጆ የሚሠራባቸው ትላልቅ ዛፎች መቆረጥም ይገኙበታል። ይህ ወፍ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ በመሆኑ የሞተውን በቶሎ የሚተካ የለም።

አንድ ሰው ለጅብ ወይም ባለቤት ለሌለው ውሻ ብሎ በሥጋ ላይ የሚያኖረው መርዝ በዚያ እንስሳ ብቻ አይቆምም። ሬሳውን የበሉት ጥንብ አንሳዎች፣ ጭልፊቶችና የጎረቤት ውሾች ተከታትለው ይሞታሉ። በአይጥ መርዝ የሞተች አይጥን የምትበላ ጉጉትም እንዲሁ ትጎዳለች። በመሆኑም መርዝ በማንኛውም ክፍት ቦታ እንዳይቀመጥ፣ የሞተ አይጥም ተቀብሮ እንዲወገድ እናሳስባለን።

የት እና መቼ መመልከት ይቻላል?

አዕዋፍን ለመመልከት ምቹው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላም ጥሩ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ፣ ዝናቡ ቆሞ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍንና እንግዶቹ አዕዋፍ ሲገቡ፣ ለጀማሪዎች የተሻለ ነው።

ከመኖሪያ ሰፈር ባሻገር የእንጦጦ ፓርክ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ በጋራ የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ የብሔረ ጽጌ መናፈሻ እንዲሁም ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለጉብኝት ተስማሚ ናቸው። በገፈርሳ የኢትዮጵያ ብቸኛ ሀብት የሆነውን ሰማያዊ ክንፍ ዝይ የማየት ዕድል አለ።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጸጥ ብሎ በአንድ ቦታ ለሃያ ደቂቃ መቀመጥ፣ የታየውን እንስሳ ቀን፣ ቦታና ድርጊት በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ በቂ ነው። ልጆች ይህን ልማድ ከወላጆቻቸው ጋር ቢጀምሩ ስለ አካባቢያቸው ያላቸው ዕውቀት እየዳበረ ይሄዳል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲባል ወደ ጎጆ መጠጋት፣ ድንጋይ መወርወር ወይም በጩኸት ማስነሣት አይገባም።

በግቢያችን ምን ማድረግ እንችላለን?

1. ቦታ ካለ እንደ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ወይም ግራዋ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ይትከሉ። ፍሬያቸው፣ አበባቸውና ቅርንጫፋቸው አዕዋፍንና ንቦችን ይጠቅማሉ።
2. ጥልቀት በሌለው ሳህን ውሃ ያኑሩ፤ ትንኝ እንዳይራባበት በየቀኑ ይቀይሩ።
3. ዛፍ ከመቁረጥ ወይም ቅርንጫፍ ከመመልመል በፊት ጎጆ አለመኖሩን ያረጋግጡ።
4. በፋሲካ፣ በገና፣ በእንቁጣጣሽ፣ በአረፋና በሌሎች በዓላት የሚታረድ እንስሳ ሆድ ዕቃና ተረፈ ምርት በወንዝ ዳር ወይም በመንገድ ዳር አይጣል። ወደ መኖሪያ ቤቶች ውሾችንና ጅቦችን የሚስበው በዋናነት ይህ ነው።

የደኅንነት ጥንቃቄ

በሌሊት ወንዝ ገደል አቋርጦ ለብቻ መጓዝ፣ በተለይም ሕፃናትን መላክ፣ መወገድ አለበት። ጅብ ያጋጠመው ሰው መሮጥ የለበትም፤ ፊቱን ወደ እንስሳው አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያሰማ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሽሽ።

ውሻ፣ ጦጣ፣ ጅብ ወይም የሌሊት ወፍ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማዳን ፈጽሞ አይቻልም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ሕይወትን ያድናል። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማቆየት ወይም በባህላዊ መድኃኒት ጊዜ ማጥፋት ለሕልፈት ያጋልጣል። የቤት ውሻን ማስከተብም የእያንዳንዱ ባለቤት ኃላፊነት ነው።

በሕግ የተከለከለው ምንድን ነው?

የዱር እንስሳ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳያገኙ ማደን፣ መያዝ፣ በቤት ማቆየት፣ መሸጥ ወይም መግዛት በሕግ የተከለከለ ነው። ክልከላው ከእናቱ የተለየ የጦጣ ግልገልንም ይመለከታል። ግልገሉን አሳድጎ በመጨረሻ በሰንሰለት ማሰር ለእንስሳውም ለቤተሰቡም አደጋ ነው። እንዲህ ያለ ድርጊት ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይችላል።

የተጎዳ ወፍ ያገኘ ሰው መተንፈሻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርጎ ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ቦታ ያቆይ፤ በግድ ውሃ ወይም ምግብ አያጉርስ፤ ወደ እንስሳት ሕክምና ጣቢያ ያድርስ። ለመብረር የምትለማመድ ጫጩት መሬት ላይ ብትገኝ ግን ወላጆቿ በአቅራቢያ ስለሚኖሩ፣ ድመትና ውሻ ከማይደርሱበት ቁጥቋጦ ላይ ማስቀመጥና መራቅ ይበቃል።

አዕዋፍና የዱር እንስሳት ከእኛ ጋር የሚኖሩት የምንተዋቸው ዛፍ፣ ንጹሕ ወንዝና መርዝ የሌለው መሬት እስካለ ድረስ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣታችን በፊት ለአፍታ ወደ ጣሪያችንና ወደ ጓሯችን ዛፍ ብንመለከት፣ ልንጠብቀው የሚገባንን ጎረቤት እዚያው እናገኘዋለን።