እጅን ከሊጥ ማግባት

ፈረንሳዮች፣ አንድ ሰው ከዳር ቆሞ ማዘዙን ትቶ ራሱ ከሥራው በገባ ጊዜ፣ «እጁን ከሊጡ አገባ» የሚል አነጋገር አላቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በ344 የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተዠመረው የሳይንስ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚሁ አነጋገር ነው።

ሥራውን ያስዠመሩት ፕሮፌሰር ዦርዥ ሻርፓክ ናቸው። ፖላንድ ተወልደው በ7 ዓመታቸው ወደ ፈረንሳይ የገቡ፣ በጦርነቱ ዘመን ከአርበኞች ጋራ ተሰልፈው በዳካው የእስረኞች ሠፈር የታጐሩ፣ በኋላም የረቂቃን ቅንጣቶችን መንገድ የሚከታተል መሣሪያ ሠርተው በ1992 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉ ሊቅ ነበሩ። ይህን ያኽል የደከመ ሰው ዕረፍት ቢመርጥ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሳቸው ግን አሜሪካዊው ሊቅ ሊዮን ሌደርማን በቺካጎ በድኾች ሠፈር ላሉት ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ተመልክተው፣ ከፒየር ሌናና ከኢቭ ኬሬ ጋራ በመተባበር፣ የፈረንሳይን የሳይንስ አካዳሚ ከሕፃናት ወንበር አጠገብ አመጡት።

ሥርዐቱ ቀላል ነው። ተማሪው አስቀድሞ የመሰለውን ይናገራል፤ ቀጥሎ በእጁ ይሞክራል፤ ከጓደኞቹም ጋራ ይከራከራል፤ ያየውን በገዛ ቃሉ በደብተሩ ይጽፋል። በዚህ ሥራ መምህሩ ብቻውን አልተተወም። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የኤኮል ፖሊቴክኒክም ተማሪዎች ሳይቀሩ፣ ወደ ክፍል እየሔዱ ያግዙት ዠመር። ነገር ግን የመጣው እንግዳ የመምህሩን ስፍራ አይወስድም። ትምህርቱን የሚመራው መምህሩ ነው፤ ሊቁ አጠገቡ ይቆማል እንጂ ከፊቱ አይቆምም። እኛ ከሁሉ የምናደንቀው ይህንን ነው፤ ዐዋቂ ሆኖ ዝም ማለት ከማስተማር ይልቅ ይከብዳልና።

እኛ በተማርንበት ቤት የሳይንስ ዕቃ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቈልፎ ይኖር ነበር። ማግኔትን ያወቅነው በጥቍር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ነው። ዕቃው አልተሰበረም፤ እኛም አልነካነው።

ከዚህ እንቅስቃሴ ከተወለዱት ሥራዎች አንዱ ግን ቁም ሣጥንም ቁልፍም አይሻም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኤራቶስቴኔስ፣ በበጋ አጋማሽ ቀትር በአስዋን ፀሐይ ከዐናት በላይ ስትቆም፣ በእስክንድርያ ጥላው ከክብ አንድ ኀምሳኛ እንደሚያዘነብል መረመረ። የሁለቱን ከተሞች ርቀት፣ 5,000 ስታድዮን፣ በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ 250,000 ስታድዮን አደረሰው። ከ2000 ዓ.ም. ዠምሮ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ልጆች ይህንኑ ደግመዋል። በግቢያቸው በትር ያቆማሉ፤ ጥላው እጅግ ያጠረበትን ሰዓት ጠብቀው ይለካሉ፤ ከዚያ በሰሜን ወይም በደቡብ ራቅ ብሎ ካለ ትምህርት ቤት ጋራ ልካቸውን ይለዋወጣሉ። አንዱ ክፍል ብቻውን መልሱን አያገኝም፤ የሌላው ጥላ ያስፈልገዋል። ሰማዩ በአንዱ ወገን ከደመነ፣ ሁለቱም ለማግስቱ ይቀጣጠራሉ።