ንጉሥ የሌለበት ሰማንያ

«አንተ አጋባን» አሉኝ። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እሱ የደሴ ሙስሊም፤ ሁለቱም የዋሽንግተን ጓደኞቼ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ካልተጠመቀ አታጋባቸውም። ኒካሁ ለእሱ ይፈቀድለታል፤ ግን የአንዱን ወገን ብቻ መምረጥ አልፈለጉም። የከተማዋ ሕግ እኔን ቢጤ ተራ ሰው ለአንድ ሠርግ አጋቢ እንዲሆን ይፈቅዳል። ግን ምን ብዬ ላጋባቸው?

መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃለ መሐላ ልተረጉም ሞከርኩ። እንጨት እንጨት አለኝ። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድኩ።

አያቶቻችን ሁሉ በቁርባን አልተጋቡም። ብዙዎቹ የተጋቡት በሰማንያ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዋስና ምስክር ቆሞ፣ «ንጉሥ ይሙት» እየተባለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሁሉ ተቀበለ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ሦስቱን እንዳሉ አቆያቸው። ያለ ቄስ መጋባት አሜሪካ ያመጣችብን ጉድ አይደለም ማለት ነው።

ግን አሁን ንጉሥ የለም፤ በማን ይማሉ? «በየእናታችሁ» አልኳቸው።

ሙሽራዋ ዝም አለች። «እማዬ እኮ አልመጣም ብላለች።»

መጣች። መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ልጇ «እናቴ ትሙት» ብላ ስትምል አቀረቀረች። ቀጥሎ የሙሽራው አጎት ተነሥተው እንደ ወሎ ወጉ መረቁ። ከፊት «አሚን» ሲባል፣ ከኋላ የእናትየው «አሜን» ተሰማኝ። እጆቿን ዘርግታለች።

እኔ ገና አንድ ገጽ ይቀረኝ ነበር። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።