ሁልጊዜ 1780 የምትለው ጠገራ ብር

አንዲት ተማሪያችን ከእናቷ አንገት የወረደ ጠገራ ብር ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ይዛ መጣች። በፊቱ የሴት ምስል፣ በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት፤ ዳር ላይ 1780 ይላል። እናትየው የታመመ ልጃቸውን ገዳሪፍ ለማድረስ ሊሸጡት አስበዋል። ሱቅ ያሳዩት ሰው ግን «ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው፤ ይኼ ፎርጅድ ነው» ብሎ በርካሽ ሊወስደው ፈለገ። ተማሪዎቹ ደግሞ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ብር እኮ ሀብታም ያደርጋል!» አሉ። እኛ መምህራኑ ሁለቱም እንዳልሆነ ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ ፈጀብን።

(ዓመቶቹ፣ ካልገለጽን በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሳንቲም ላይ ዓመት መጻፍ ለአውሮፓውያን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። የሙስሊም ገዢዎች ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምረው በሂጅራ ይጽፉ ነበር። የኛዎቹ የአክሱም ነገሥታት ስማቸውንና ምስላቸውን እንጂ ዓመት አላስቀረጹም። በአውሮፓ ዓመተ ምሕረት ካለባቸው ቀደምቶቹ አንዱ በዴንማርክ ሮስኪልዴ በ1234 የወጣው ሲሆን ቁጥሩ በሮማ ፊደል ነው። ዛሬ በምንጽፈው አኃዝ የታተመው ደግሞ የስዊዘርላንዷ የሳንክት ጋለን ሳንቲም ነው፤ 1424 ይላል። ሰብሳቢዎች ከ1501 በፊት ዓመት የተጻፈባቸውን ለብቻ ይፈልጓቸዋል፤ ብርቅ ናቸውና። ለእነዚያ ሳንቲሞች ዓመቱ ትልቅ ምስክር ነው።

የኛ ጠገራ ብር ምስክርነት ግን ሌላ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በኅዳር 1780 ሞተች። ጎንደር ላይ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ነጋዴው ግን ምስሏን ለምዷል፤ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች እየቆጠረ ይቀበላል፣ ሌላ መልክ ሲያይ ይጠረጥራል። ስለዚህ ኦስትሪያ ከሞተችም በኋላ ያንኑ ምስልና ያንኑ 1780 እያተመች ቀጠለች። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እዚሁ በአጠገባችን በሚያልፈው በአትባራ ወንዝ በኩል ተጉዞ ነበር፤ በመጽሐፉም በዚህ አገር የሚፈለገው ይኸው የ1780 ብር እንደነበረ ጽፏል። የናፒየር ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምትም ይህንኑ ብር በሚሊዮን ይዞ ነው የመጣው። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. (እንደኛ አቆጣጠር) የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሳተሙ፣ ዓመቱንም በግእዝ ቁጥር አስጻፉበት። ቢሆንም ባላገሩ ማርያ ቴሬዛን ቶሎ አልተወም።

የሚገርመው የ1935ቱ ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። እንግሊዝ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ለንደን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ቦምቤይ ላይ አሳተመች። ሁሉም ላይ 1780! ቪየና ዛሬም ታትማለች። (ይኼስ ለኛ አዲስ ነው? ስንመዘገብ ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 የተወለድን!)

ስለዚህ ባለሱቁ «ፎርጅድ» ያለው ስሕተት ነው። በመንግሥት ማተሚያ ቤት የወጣ እውነተኛ ብር ነው፤ ሙሉው 28 ግራም ይመዝናል፣ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ነው። ተማሪዎቹም ተሳስተዋል፤ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርም። የት እንደታተመ ባለሙያ የሚለየው በንስሩ ጭራ ላባና በነጥቦቹ ነው። የኛዋ ደግሞ ለአንገት ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶባታል፤ ይኼ ለሰብሳቢ ዋጋዋን ይቀንሳል።

እናትየው ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ ብር ሠሪ ሄዱ፣ ፊታቸው አስመዘኑ። ከ28 ትንሽ ጎደለ፤ ስንት ዓመት አንገት ላይ ስትታሽ ኖራ ምን ይደረግ! በግራም ተነጋግረው፣ ባለሱቁ ካለው በእጥፍ ሸጡ። ልጃቸውም ገዳሪፍ ታከመ። ከመሸጧ በፊት ተማሪዎቹ ወረቀት አድርገውባት በእርሳስ ፈግፍገው ሁለቱንም ገጽ ወስደዋል። ወረቀቱ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ነጥቦቹን መቁጠር የሚፈልግ ይምጣ።